ስምንተኛው ኮቴ

ጡረታ ስወጣ ቦታዬን የተረከበው ወጣት አሰልጣኝ ሀብታሙ ይባላል። ጥሩ ልጅ ነው። ክንዱ ላይ ያሰራት ሰዓት የልብ ምት ትቆጥራለች፣ እንቅልፍ ትለካለች፣ ትንሽ ቢለምናት ንስሐም የምትሰጥ ትመስላለች። ዕቃውን ካስረከብኩት በኋላ (ዕቃ ማለት ሁለት የሩጫ ሰዓት፣ አንድ ፊሽካ፣ ሦስት የተቀደደ ፍራሽና ቁልፉ የጠፋ ቁምሳጥን ነው) ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገና ጠየቀኝ።

"ጋሼ፣ በእርስዎ ጊዜ ክሮስ ትሬይኒንግ ትሠሩ ነበር?"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ሯጭ ሩጫ ብቻ መሮጥ የለበትም ነው ነገሩ። ይዋኛል፣ ብስክሌት ይነዳል፣ ክብደት ያነሣል። አጥንቱ ያርፋል፣ ሳንባው ግን ሥራ አይፈታም። ቅይጥ ልምምድ ልንለው እንችላለን።"

ሣቅሁ። ወዲያው ግን ሣቄ ከንፈሬ ላይ ደረቀ።

"ሠርተናል" አልኩት። "መጀመሪያ ሳናውቀው ሠራነው። ቀጥሎ እኔ ዐውቄ ተውኩት። በኋላ ደግሞ ፈርቼ መለስኩት።"

"ምን ፈርተው?"

ቢሮ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ የሚወራ ነገር አልነበረምና ወሬውን አዞርኩት። እቤቴ ስገባ ግን ብጽፈው ይሻላል ብዬ ወረቀት አወጣሁ።

ሥራ የጀመርኩት ይፋግ ላይ የስፖርት መምህር ሆኜ ነው። ኳሱ አንድ፣ ተማሪው ስልሳ። ከዚያ ጉና ተራራ ሥር ወዳለችው ጋሳይ ተዛወርኩ፤ እዚያ ደግሞ ብርዱ ፊሽካውን ከከንፈር ጋር ያጣብቀዋል። የዝውውር ደብዳቤው፣ ማኅተሙ፣ የዘገየው የውሎ አበል የማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ታሪክ ስለሆነ አላሰለቻችሁም። ሙያዬን የተማርኩት ደብረ ታቦር ባለው የሯጮች ማሠልጠኛ ረዳት ሆኜ አሰልጣኝ መንገሻ እጅ ስወድቅ ነው።

አሰልጣኝ መንገሻን ሁላችንም "የኔታ" ነበር የምንላቸው። ወደ ስፖርት ከመግባታቸው በፊት የአቋቋም ተማሪ ነበሩ፤ ከበሮና ጽናጽል፣ መቋሚያና ዝማሜ ሲማሩ ነው ያደጉት። ሩጫ ሲያሠለጥኑም መቋሚያቸው ከእጃቸው አይለይም ነበር። ሯጮቹ ሲቃረቡ ጀርባቸውን ለመንገዱ ይሰጡና ዓይናቸውን ይከድናሉ። ከዚያ ኮቴ ያዳምጣሉ።

"ይህ ልጅ ተረከዙን ይጥላል። ጉልበቱን ሊያመው ነው" ይላሉ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ።

እኔ ሮጬ ሄጄ ልጁን ስጠይቀው እውነትም ከትናንት ጀምሮ ጉልበቱን ይቆጠቁጠዋል።

"ዓይን ይታለላል" ይሉኝ ነበር የኔታ። "ጥርሱን ነክሶ የሚስቅልህ ሞልቷል። እግር ግን መሬት ሲመታ አይዋሽም።"

ይህን ትምህርታቸውን እንደ ዳዊት ያዝኩት። የቀረውን ግን ናቅሁት።

የቀረው ምን ነበር? የኔታ ከሳምንቱ ስድስት የሥራ ቀን አራቱን ብቻ ነበር የሚያስሮጡት። አንድ ቀን የተጫነ በቅሎ እየተከተሉ ጉናን በእርምጃ ይወጣሉ፤ የሮጠ ይቀጣል። አንድ ቀን ደግሞ እንደ አቋቋም ተማሪ ዱላ ይዘው ይቆሙና ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በቀስታ እያዛወሩ፣ እየተጎነበሱና እየተቃኑ አንድ ሰዓት ይዘማሉ። ላየው ሥራ አይመስልም። ሲጨርሱ ግን ዳሌያቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ይንቀጠቀጣል። በየአሥራ አምስት ቀኑ በአይሱዙ ተጭነን ወንዛዬ ፍል ውሃ እንወርዳለን። ፍሉ ከወንዙ ተቀላቅሎ ለብ በሚልበት፣ ከቁመት በላይ በሚጠልቅ ጥግ፣ በብብታቸው ሥር በገመድ ታስረው፣ ጫፉም ዳር ካለው ድንጋይ ተቋጥሮ፣ ውሃው ውስጥ ይሮጣሉ። እግራቸው ምንም አይነካም።

"የኔታ፣ ሯጭ ነው ደብተራ የምናፈራው?" ብዬ አሾፍኩ አንድ ቀን።

አልተቆጡም። "መሬት እንኳ ጦም ያድራል። አጥንት ምን በደለ?" አሉኝ።

የኔታ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ሲገቡ ኃላፊነቱ ለእኔ ሆነ። በዚያው ሳምንት በቅሎውንም፣ ዝማሜውንም፣ ወንዛዬንም ሰረዝኩ። "ሯጭ የሚሆነው በመሮጥ ነው" ብዬ በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ስድስቱም ቀን ሩጫ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰዓታቸው ተሻሻለና ደረቴን ነፋሁ። ሽማግሌው ጊዜ ሲያባክኑ ኖረዋል ብዬም ለሰው አወራሁ፤ ዛሬ ይህን ስጽፍ ጆሮዬን ይግለኛል።

ያኔ ከነበሩኝ ሯጮች የምትበልጠው የሻረግ ነበረች። ክምር ድንጋይ ከተባለው አገር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከአፏ ቃል የማይወጣ ቁጥብ። በክልሉ ውድድር ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከገባች የከተማ ክለብ ይወስዳታል። ካልገባች ቤተሰቦቿ ባል አዘጋጅተው እየጠበቋት ነበር።

ውድድሩ አንድ ወር ሲቀረው ግራ እግሯ መሬቱን ቀለል አድርጎ ሲነካ ሰማሁ። ጠራኋት።

"እግርሽን ምን ሆንሽ?"

"ምንም አልሆንኩ ጋሼ።"

"ሰምቼሻለሁ። ይህ ድምፅ ሌላ ቀን ከተደገመ ከዝርዝሩ እሰርዝሻለሁ።"

ማስፈራራት ማከም መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ከጋሳይ በላይ ባለው መንገድ ቆምኩ። ጉም ጉናን ውጦት የዘረጉትን እጅ ጣት ማየት አይቻልም ነበር። ጀርባዬን ሰጠሁ፣ ዓይኔን ከደንኩ። ሲመጡ የእሷን ኮቴ ለየሁት። እኩል ነበር። በግራና በቀኝ መካከል ቅንጣት ልዩነት የለም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ እኩል የሆነ ኮቴ ሰምቼ አላውቅም። ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። ብርዱ ነው አልኩና "ድናለች" ብዬ ተደሰትኩ። ዞር ብል ኖሮ ቢያንስ አጠገቤ ስትደርስ ፊቷን አይ ነበር።

በሁለተኛው ዙር የደረቀ ጭራሮ ሲሰበር ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አልተከተለውም። ሌሎቹ በጉሙ አላዩአትምና ሮጠው አለፉ። ሄጄ ሳገኛት መንገዱ ላይ ተቀምጣ ቅልጥሟን በሁለት እጇ ይዛለች፤ እግሯ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። ቀና ብላ አየችኝ።

"ጋሼ፣ እኩል አልነበረም?" አለችኝ።

ሐኪሙ አጥንቱ መሰንጠቅ ከጀመረ ሳምንታት እንደሆነው ነገረኝ። በየቀኑ ያለ ዕረፍት አንድ ዓይነት ምት ሲያርፍበት የሚመጣ ነው አለ። አጥንቱ ገጠመ፣ ግን አጠር ብሎ ነው። የሻረግ ዳግመኛ አልሮጠችም፤ ይፋግ አክስቷ ዘንድ ገባች አሉ። እኔ ሄጄ አልጠየቅኋትም። አፈርኩ። ኀፍረቴን ሥራ በዝቶብኛል እያልኩ ሸፈንኩት፣ እንዲህ ስል ስድስት ዓመት ሞላ። ሩጫውንም እንደ ነበረ ቀጠልኩበት፤ ጥፋቱ የእሷ አጥንት ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ስምንተኛውን ኮቴ የሰማሁት በስድስተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ሰባት ልጃገረዶች ነበሩኝ። ቀኑ ሐሙስ ነው፣ መንገዱም ያው፣ ጉሙም ያው። በጆሮዬ ቆጠርኳቸው፣ ሰባቱም አለፉ። ሃምሳ እርምጃ ያህል ቆይቶ ሌላ ኮቴ መጣ። ቀጭን ነው፣ እኩል ነው፣ ትንፋሽ የለውም። የሚሮጥ ሰው ሁሉ ያለከልካል፣ ይህ አያለከልክም። እየቀረበ እየቀረበ መጣና አጠገቤ ሲደርስ ጠፋ። አላለፈም፣ አልቆመምም። ዞሬ ባይ ጉም ብቻ።

ንፋስ ነው አልኩ። ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ ብዬም ቀለድኩ። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን መንገዱ ዳር ገብሳቸውን የሚያጭዱት አያ ቢምረው ማጭዳቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

"አሰልጣኝ፣ እንዲያው ያቺ ወደ ኋላ የምትቀረው የማን ልጅ ናት?"

"የትኛዋ አያ?"

"ሁሉም ካለፉ በኋላ ለብቻዋ የምትመጣው ናታ! ታሳዝነኛለች። ምናለ ብትጠብቋት?"

"አይተዋታል?"

"ኧረግ! በዚህ ጉም ማን ማንን ያያል? ኮቴዋን ነው እንጂ የምሰማ።"

"እኔ ያሉኝ ሰባት ናቸው አያ። ሰባቱም አልፈዋል።"

አያ ቢምረው ትንሽ አዩኝና አማተቡ። "እንግዲያስ ተወው። አልጠየቅሁህም" ብለው ወደ ገብሳቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ማሳው ላይ አላየኋቸውም።

ለአንድ ቄስ ነገርኳቸው። "የሞተችባችሁ ልጅ ካለች ፍትሐት ይደረግላት" አሉኝ። የኔ ጭንቅ አለመሞቷ ነበር። የሞተ ሰው ኮቴ ቢሆን ጸሎቱም ሥርዓቱም አለው። ይፋግ ላይ በሕይወት የምትኖር ሴት ኮቴ ጉና ላይ ሲሮጥ ምን ይደረጋል?

የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ መቋሚያቸው ግን ከጉልበታቸው ላይ አልወረደም። ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ኮቴው እኩል ነው?"

"እኩል ነው የኔታ። ያን ዕለት እንደሰማሁት ነው።"

"የሰው ሁለት እግር እኩል አይደለም" አሉ። "ከበሮ እንኳ አንዱ አፉ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው። እኩል ኮቴ ከሰማህ አንድ ሰው ሆን ብሎ የሠራው ነው። እንዴት እንደሠራችው ጠየቅሃት?"

"አልጠየቅኋትም።"

"ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ልትሠራ መጣህ?" አሉና ፊታቸውን አዞሩብኝ።

የሻረግን ይፋግ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስትመዝን አገኘኋት። ስታየኝ አልደነገጠችም። ለደንበኛዋ መዝና ሰጥታ እስክትጨርስ አስጠበቀችኝ። እንዴት አድርጋ ኮቴዋን እንዳስተካከለች ስጠይቃት ዓይኗን ከሚዛኑ አልነቀለችም።

"እርስዎ ዓይንዎን ይከድናሉ ጋሼ። ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ የምሮጠው ለጆሮዎ ነበር።"

"እኮ እንዴት አድርገሽ?"

"በደኅናው እግሬ ጫማ ውስጥ ጠጠር አስገባሁ። አንዱ ብቻ ሲያመኝ አነክስ ነበር። ሁለቱም ሲያመኝ እኩል ሆነ።"

የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እግር አይዋሽም ተብዬ ነበር የተማርኩት። መዋሸት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

"ይቅር በይኝ የሻረግ።"

"ይቅር ማለቱስ ይቀላል። ሌሎቹስ?"

"የትኞቹ?"

"አሁን ያሉት። ጠጠሩን እኔ ለታናሾቼ አሳይቻለሁ። እነሱም ያሳዩአቸው አይጠፉም።"

ልሄድ ስነሣ ጤናዋን ጠየቅኋት። "ደኅና ነኝ" አለች። "ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ሲነጋጋ ላብ አጥምቆኝ እነቃለሁ። ረጅም መንገድ የሄድኩ ያህል ድክም ይለኛል።" የራስ ጠጉሬ ቆመ። የሰማሁትን ሳልነግራት ተሰናብቻት ወጣሁ።

በማግሥቱ ሐሙስ ነበር። ያን ቀን ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ፣ ዓይኔን አፍጥጬ ቆምኩ። ጉሙ ግን ማንንም አላሳየኝም። ኮቴዎቹ መጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ደሜ ረጋ። ያ ኮቴ ነው። ዛሬ ከኋላ አልቀረም፣ በመካከላቸው ገብቷል። እስከ መጨረሻው ቆጠርኩ። ሰባት ናቸው። ስምንተኛ የለም።

ከዚያ በፊት ከፈራሁት ሁሉ ይልቅ ያኔ ፈራሁ። መንፈስ ቢሆን ጸሎት ያባርረዋል። ይህ ግን ከሰባቱ የአንዷ እግር ነበር።

ፊሽካዬን ነፍቼ አሰለፍኳቸውና ጫማችሁን አውልቁ አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ።

"አውልቁና ገልብጡ!"

ከሦስቱ ጫማ ጠጠር ወደቀ።

ትልቁ ፈንታነሽ ከምትባለው ልጅ ጫማ የወደቀው ነበር፤ የቀኝ ውስጥ እግሯን አድምቶታል። ሆስፒታል ወስጄ ራጅ ስትነሣ በግራ ቅልጥሟ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ታየች። ሐኪሙ ስምንት ሳምንት እንዳትሮጥ አዘዘ። የክልሉ ውድድር አሥር ሳምንት ቀርቶት ነበር። ፈንታነሽ ደጁ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

"ከቆምኩ አባቴ ወደ ቤት ይወስደኛል ጋሼ። ካልሮጥሽ ትመለሻለሽ ብሎ ቃል አስገብቶኛል። በማርያም፣ እንዳላየ ሰው ይሁኑልኝ!"

"አትቆሚም" አልኳት። "እግርሽ መሬት ሳይነካ ትሮጫለሽ።"

ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት ቀድጄ ጣልኩና የኔታን በባጃጅ አስመጣኋቸው። ገብተው ወረቀቱ የነበረበትን ግድግዳ በእጃቸው ዳሰሱ። ሥራ ጀመርን። ከአንድ ጋራዥ ብስክሌት ተውሰን የኋላ ጎማውን በእንጨት አንሥተን አቆምነው፤ ፈንታነሽ ባለችበት ትነዳለች፣ አንድ ደቂቃ በኃይል፣ ሁለት ደቂቃ በዝግታ፣ ላቧ መሬቱን እስኪያርሰው። ሕመሙ ሲተዋት ዝማሜው ተጨመረ። የኔታ መሬት ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን እየመቱ ምቱን ይለኩላታል። በሳምንታት ውስጥ ስትቆም ወደ ውስጥ ይገባ የነበረው ጉልበቷ ተቃና። ሸክሙን ሁሉ ቅልጥሟ ብቻውን ሲሸከም ኖሯል፣ አሁን ወገብና ዳሌ ተጋሩት። ጤነኞቹንም ወደ አራት ቀን ሩጫ መለስኳቸው። በሁለተኛው ሳምንት በቅሎ ተከትለው ሲወጡ እየዘፈኑ ነበር። ሲዘፍኑ ሰምቼ አላውቅም ነበርና ቆሜ አዳመጥኳቸው።

በየሳምንቱም ወንዛዬ ወረድን። መጀመሪያ ቀን ፈንታነሽ በገመድ ታስራ ውሃው ውስጥ ስትፈራገጥ ያዩ አንዲት ጸበልተኛ እናት፣ "ኧረ ይቺን ልጅ ለክፏታል፣ ቄስ ጥሩ!" ብለው አገሩን ቀወጡት። ልምምድ ነው ብንላቸውም አላመኑንም፤ በመቁጠሪያቸው ጀርባዋን ደጋግመው ዳበሷት።

በስምንተኛው ሳምንት ራጁ መስመሯን አላሳየም። በውድድሩ አምስተኛ ወጣች። ክለቡ ያን ዓመት አልወሰዳትም፤ አባቷንም የኔታ ራሳቸው አነጋግረው አንድ ዓመት አስጨመሩላት። በዓመቱ ሁለተኛ ወጥታ ገባች፣ ዛሬም ትሮጣለች።

ስምንተኛውን ኮቴ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁትም። ለምን እንደመጣ አላውቅም፣ ዐውቃለሁ ብልም ውሸት ነው። ከሥራዬ ሁሉ ግን የማልረሳው ከውድድሩ በፊት የነበረውን የመጨረሻውን የወንዛዬ ቀን ነው።

ለየሻረግ መልእክት ልኬባት ነበር፣ ትመጣለች ብዬ ግን አልጠበቅሁም። ከይፋግ መጥታ ዳር ላይ ቆመች። ፈንታነሽ ጨርሳ ስትወጣ የሻረግ ገመዱን ከእጇ ተቀበለቻት። ማንንም ሳታስፈቅድ በብብቷ ሥር አሰረችና ከነቀሚሷ ገባች። እንፋሎቱ ሸፈናት። ደነገጥኩና ቀርቤ አየሁ። እየሮጠች ነበር። አጭሩ እግሯና ረጅሙ እግሯ ከውሃው ሥር ይፈራረቃሉ፣ ምንም ድምፅ የለም፣ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። ፊቷ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷን ፊት መሰለኝና ዓይኔ እንባ ሞላ።

የአይሱዙው ሾፌር ጥሩምባውን ነፋ። ልጆቹ ተጭነው ጨርሰዋል።

"የሻረግ፣ መሄዳችን ነው" አልኳት።

"ይሂዱ ጋሼ" አለችኝ ሳትቆም። "እኔ ገና መጀመሬ ነው።"

ሾፌሩን ልጆቹን ይዞ እንዲሄድ ነገርኩትና የገመዱን ጫፍ ይዤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።